ማስታወቂያው ሀዋሳ ላይ ይወጣል፤ ዕድሉስ ለማን ይደርሳል?

እንደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት ሥር የሚገኙ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያወጧቸው ማስታወቂያዎች ጥቂት አይደሉም። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ቅበላ፣ መረጃ ሰብሳቢ የሚፈልግ ጥናት፣ የአንድ ሳምንት የስታትስቲክስ ሥልጠና፣ የውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል፣ የጥናት ገንዘብ ጥሪ፣ የኮንፈረንስ ግብዣ፤ ሁሉም በየተራ ይወጣሉ። ይህን ሁሉ ከሩቅ የሚያይ ሰው ዘርፉ በዕድል የተትረፈረፈ ሊመስለው ይችላል። ይሁንና ማስታወቂያ ወጣ ማለትና ዕድሉ ለሚገባው ሰው ደረሰ ማለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ጊዜ፣ ደብዳቤና ገንዘብ የሚባሉ ሦስት ወንፊቶች አሉ፤ ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ወንፊቱ የሚገባው እህል ራሱ ቀንሷል።

የሙያውን አመጣጥ ማስታወስ ጉዳዩን ለመረዳት ይረዳል። በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ነው። ኮሌጁ የተከፈተው በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ ብዙም ሳይቆይ ሲሆን፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ታስቦ የተደራጀ ነበር። ዛሬም የጤና ተማሪዎች ቲቲፒ እያሉ የሚጠሩት የመጨረሻ ዓመት የቡድን የመስክ ሥልጠና የዚያ አሠራር ቅሪት ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመርና ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው ወደ ቀበሌ ሲወርዱ፣ እነርሱን የሚደግፍ፣ ሪፖርታቸውን የሚመረምርና ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ በየወረዳው አስፈለገ። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) ሥልጠናም ተማሪውን ለሁለት ዓመት በክፍል ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ወረርሽኝ በሚመረመርበት ቢሮ እንዲያሳልፍ አደረገው። እስከዚህ ድረስ ዕድል የሚባለው ነገር የሚመነጨው ከመንግሥት የሰው ኃይል ፍላጎት ነበር፤ የውጭ ገንዘብም ቢሆን የሚገባው በዚሁ መስመር ነበር ማለት ይቻላል።

የሀዋሳ ሁኔታ ከዚህ ላይ የራሱ የሆነ ውስብስብነት አለው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የሀዋሳ እርሻ ኮሌጅን፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅንና የዲላ የመምህራንና ጤና ሳይንስ ኮሌጅን በማዋሐድ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም፣ ከተማዋ የመላው ደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። የክልሉ ጤና ቢሮም እዚሁ ነበር። ከኦሞ ሸለቆም መጣ ከሀዲያ፣ ከካፋም መጣ ከጌዴኦ፣ አንድ ጤና መኮንን ለሁለተኛ ዲግሪ ስፖንሰር የሚያደርገው መሥሪያ ቤትና የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ ይገናኙ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቀሪው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተፈጠሩ። የአንዱ ቢሮ ሥራ ለአራት ተከፈለ። አዲሶቹ ክልሎች ቢሮዎቻቸውን በአንድ ከተማ ብቻ አላስቀመጡም፤ በተለይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መሥሪያ ቤቶች በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በጂንካና በሌሎች ከተሞች ተበታትነው ይገኛሉ። የተማሪው ምንጭ ግን አልተለወጠም። ከአሪም ከከምባታም የሚመጣ ጤና ባለሙያ ዛሬም ሀዋሳ ለመማር ያመለክታል፤ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚያጽፍለት ቢሮ ግን ሌላ ከተማ ነው፤ በጀቱም ገና አዲስና ጠባብ ነው።

ደብዳቤው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት አንድ የተለመደ ማስታወቂያን ጉዞ መከተል ይበቃል። ወረቀቱ ክብ ማኅተም ተመትቶበት በቢሮ በር ላይ ይለጠፋል። አንድ ተማሪ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ቡድን ይለቀዋል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቡድን፣ ከዚያም ወደ ሌላ ይተላለፋል። ፎቶው በሲዳማ ክልል በአሮሬሳ ወይም በበንሳ ወረዳ ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ጤና መኮንን ሲደርስ ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ከሦስቱ አንዱ እሑድ ነው። ማመልከቻው የሚጠይቀው የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመልቀቂያ ስምምነት፣ የትምህርት ማስረጃና ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ከሆነ ደብዳቤው አይፈረምም። ትራንስክሪፕቱ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳው ካልተዘጋ አይወጣም። በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ መጨረስ የሚችለው ሀዋሳ የሚኖር፣ የቢሮ ሰው የሚያውቅና ፋይሉን ቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ነው። ማንም ሆን ብሎ አላገለለም፤ ሆኖም ውጤቱ ከማግለል ብዙም አይለይም።

በአገር ውስጥ ቅበላ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የተጨመረው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይህን በከፊል አስተካክሏል ብል ማጋነን አይሆንም። ፈተናው በተወሰነ ጊዜ የሚሰጥና ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ቢያንስ አንዱ መመዘኛ ከቢሮ ቅርበት ተላቋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወስዱት የመውጫ ፈተናም እንዲሁ ነው፤ 50 ከመቶ ያላመጣ አይመረቅም፤ ከሀዋሳም ይምጣ ከጎንደር። ለጤና ተመራቂ ግን በዚህ ላይ የሙያ ፈቃድ ምዘና አለበት፤ ከዚያ በኋላም ቅጥር እርግጠኛ አይደለም። ጤና መኮንኖች ፈቃዳቸውን ይዘው ሥራ ሲጠብቁ ማየት አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ላይ ያነሡት ጥያቄ አገር አቀፍ መልክ መያዙ፣ ተቀጥሮ ያለውም ቢሆን በያዘው ነገር እንዳልረካ አሳይቷል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ ለብዙው ሰው የዕውቀት ጥማት ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ከወረዳ መውጫ በር ሆኗል፤ ለዚህ መፍረድ አያስፈልግም።

የውጭ ዕድሎች ሕግ ከዚህ የተለየ ነው፤ ልዩነቱን የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ) ለልማት ነክ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች የሚሰጠው ድጋፍ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ ከስድስት ዓመት በላይ ያለፈው ሰው በመርሕ ደረጃ አይቀበልም። በሌላ አነጋገር፣ ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ የቆየና ከዚያም በወረዳ አራት ዓመት ያገለገለ ጤና መኮንን፣ ልምዱ ሲበስል ቀኑ ያልፍበታል። የእንግሊዝ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል የሆነው ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የማመልከቻ ክፍያ የለውም፤ ተመራቂው አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። የማመልከቻ መዝጊያ ሰዓት እንኳ ችግር ይፈጥራል። በግሪንዊች ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል ሲባል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው፤ ቁጥሩን 12 አይቶ እስከ ማታ አለኝ ብሎ የሚያስብ ሰው የዓመት ድካሙ ከንቱ ይቀራል። እነዚህ ነገሮች በማስታወቂያው ሥር በሁለት መስመር ቢጻፉ ከማስታወቂያው ራሱ የበለጠ ይጠቅሙ ነበር።

ገንዘቡ ሌላው ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በውጭ ምንዛሪ የሚተመን የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ፣ የሰነድ መላኪያ፣ ሁሉም ለአንድ የወረዳ ባለሙያ የወራት ደመወዝ ሆነዋል። በዚህ ችግር ውስጥ ግን ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚከፍለው ገንዘብም አለ። የምርምር ጽሑፍ ለማሳተም በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ታላላቅ ክፍት (አንባቢ በነጻ የሚያነባቸው) መጽሔቶች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጽሑፎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ የሚተዉበት አሠራር አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ሂናሪም ለኢትዮጵያ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታል። ይህን የማያውቅ ተማሪ በኢሜይሉ ለሚመጣ፣ ገና ዲግሪውን ያልያዘውን ሰው «ክቡር ፕሮፌሰር» እያለ ለሚያሞግስ የመጽሔት ጥሪ ይከፍላል፤ ጽሑፉም በሳምንት ውስጥ ማንም ሳይገመግመው ይታተማል። እውነቱን ለመናገር፣ የደረጃ ዕድገት በወረቀት ብዛት በሚለካበት አሠራር ተማሪውን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ አማካሪዎቹም እዚያው ገበያ ውስጥ ናቸው።

ከጥር 2017 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ለውጥ ግን በመረጃ እጥረት የሚገለጽ አይደለም። አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታ እንዲቆም ባዘዘ በቀናት ውስጥ፣ የጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ የልማት ተራድኦና በአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ገንዘብ ተቀጥረው በዋናነት የኤች አይ ቪን ሥራ ሲደግፉ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ ለክልሎች ጻፈ። ይህ ቁጥር ለሕብረተሰብ ጤና ተመራቂዎች ልዩ ትርጉም አለው። የመረጃ ባለሙያ፣ የክትትልና ግምገማ ኦፊሰር፣ የፕሮጀክት አስተባባሪ የሚባሉት፣ ከመንግሥት እርከን የተሻለ ደመወዝ የሚያስገኙ መደቦች በብዛት የተያዙት በእነዚህ ተመራቂዎች ነበር። ሁለተኛ ዲግሪውን በራሱ ወጪ በማታ ክፍለ ጊዜ የሚማር ሰው፣ ያን ወጪ ያወጣው እነዚህን መደቦች ተስፋ አድርጎ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለውጭ አጋሮች የሚተላለፈውን የጥናት ገንዘብ አሠራር ገቱ፤ ይህም አጋር ይዘው የሚሠሩ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ሁሉ የሚነካ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተማሪው ቤት ድረስ የገባው ጉዳት ግን ብዙ ያልተወራለት ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ ከቤት ወደ ቤት በመጠየቅ የሚሰበሰበው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄዱት ዙሮች፣ በ2019 ከተሠራው አነስተኛ ዙር ጋር፣ ለዓመታት የብዙ የማስተርስ ተማሪዎች መመረቂያ ጥናት መሠረት ነበሩ። መስክ መውጫ ገንዘብ የሌለው ተማሪ አጭር ማመልከቻ ሞልቶ መረጃውን በነጻ ያወርድና ስታታ በሚባል የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ይተነትን ነበር። ፕሮግራሙን ይደግፍ የነበረው የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ አዲስ ምዝገባ ቆመ፤ ፕሮፖዛላቸውን በዚህ መረጃ ላይ የመሠረቱ ተማሪዎች ርዕስ መለወጥ ወይም መረጃውን ቀድሞ ካወረደ ሰው መለመን ነበረባቸው። ከሌላ ለጋሽ ጊዜያዊ ድጋፍ ተገኝቶ ሥራው በከፊል ቢቀጥልም ጥያቄው አልተዘጋም። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስላሉ ሕፃናት ለመጻፍ ሜሪላንድ የተቀመጠ ሰርቨር መጠበቅ ከመጀመሪያውም ጤናማ አልነበረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. ቡታጅራ ላይ የጀመረው፣ ቤተሰቦችን በቋሚነት እየተከታተለ ልደትና ሞትን የሚመዘግብ ጣቢያ ለትውልዶች የመመረቂያ ጥናት ምንጭ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ለማቆየት የሚያስፈልገው የመዝጋቢዎች ወርሃዊ ደመወዝ ነው፤ ለጋሽ ሲሄድ መጀመሪያ የሚቋረጠውም እርሱ ነው።

ታዲያ በሀዋሳ ዙሪያ የሚጠና ነገር አጥቶ የሚቸገር ይኖራል? እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ስምጥ ሸለቆም ከዚህ ውጭ አይደለም። ህዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአገሪቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የማርበርግ በሽታ በጂንካ መከሰቱ ይፋ ሆነ፤ ከጂንካ የሚነሣ አውቶቡስና አምቡላንስ ወዴት እንደሚሄድ ሀዋሳ ያለ ሁሉ ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከገጠር አምጥቶ በኪራይ ክፍሎች ውስጥ በጋራ አኑሯል፤ የቤት ኪራይ፣ የምግብ፣ የሥነ ተዋልዶ ጤናና የሥራ ቦታ ደኅንነት ጉዳያቸው ለአንድ የሙያ ጤና ተማሪ የዓመታት ሥራ ነው። አገሪቱ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚያስችለው ከአጎዋ ስትታገድ ሥራቸውን ያጡትስ ጤናቸው እንዴት ሆነ? በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ወደ ሀዋሳ ሐይቅ የሚገባው ፍሳሽ፣ ከዚያው ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣ፣ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ፣ በእንሰት ላይ የተመሠረተው አመጋገብ የሚያጎድለው ፕሮቲንና ዚንክ፤ ሁሉም በባጃጅ ወይም በሚኒባስ የሚደረስባቸው ርዕሶች ናቸው።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችም መረጃ አጥተው አይደለም የተቸገሩት። በየሳምንቱ የወረርሽኝ ክትትል ሪፖርት ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ይወጣል፤ ቁጥሩ ይላካል፣ የሚተነትነው ግን የለም። አንድ ተማሪ በአንድ ወረዳ የአምስት ዓመት የወባ ሪፖርት ላይ ተቀምጦ የትኛው ቀበሌ በየትኛው ወር እንደሚጨምር ቢያሳይ፣ ጥናቱ ለመመረቂያ ይበቃዋል፤ ወረዳውም አጎበር መቼ እንደሚያድል ያውቃል። ይህ በጀት አይፈልግም፤ በትምህርት ቤቱና በክልሉ ጤና ቢሮ መካከል የሚፈረም የመረጃ አጠቃቀም ስምምነትና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈጣን ምላሽ ይፈልጋል። የመረጃ ሰብሳቢነት ሥራም ቢሆን እዚህ አካባቢ ሲዳምኛ መቻልን ስለሚጠይቅ፣ የወረዳው ልጅ ለአንድ ጊዜ ከቢሮ ቅርበት የሚበልጥ ነገር ይዞ የሚቀርብበት ነው፤ በታብሌት ላይ ኮቦ ኮሌክት በሚባል መተግበሪያ መጠይቅ መሙላትን አንድ ቀን በተሰጠ ሥልጠና ይለምዳል።

ዘላቂ ሽርክና ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሲዳማና የኖርዌይ የጤና ግንኙነት የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ይርጋለም ሆስፒታል ከሠራበት ዘመን ይጀምራል። በኖርዌይ መንግሥት የልማት ድርጅት ገንዘብ የተቋቋመው የደቡብ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ዩኒቨርሲቲዎች ትስስር ደግሞ ሀዋሳን፣ ዲላን፣ ወላይታ ሶዶንና አርባ ምንጭን ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር አገናኝቶ፣ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን በአገራቸው እንዲሠለጥኑ አድርጓል። ከዓላማዎቹ አንዱ ሴቶች በድኅረ ምረቃ ትምህርት ያላቸውን ድርሻ ማሳደግ ነበር፤ ይህ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሴቶች ሆነው፣ ስለ እነርሱ ሥራ የሚጽፉትና የሚወስኑት በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው የዘርፉ አሮጌ እንከን ነው። አንዲት እናት የሆነች ጤና መኮንን ውጭ አገር ሁለት ዓመት መቀመጥ ላይሆንላት ይችላል፤ ሀዋሳ ተቀምጣ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ክትትል መማር ግን ይሆንላታል። ይህን የደገፈው የኖርዌይ መርሐ ግብር ሁለተኛ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2026 የተያዘ ነው።

ስለዚህ አሁን ያለው ጥያቄ ጊዜያዊ አይደለም። የለጋሽ ዘመን ሲያበቃ ትምህርት ቤቶች የሚያወጡት ማስታወቂያ ይለወጣል ወይስ ያንኑ የድረ ገጽ አገናኝ (ሊንክ) እያስተላለፉ ይቀጥላሉ? በቀላሉ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ። ማስታወቂያ በበር ላይ ከመለጠፉ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ለአራቱ ክልሎች ጤና ቢሮዎች በይፋ ደብዳቤ ቢላክ፣ የወረዳው ኃላፊ ስብሰባ ላይ መሆኑ የማንንም ዓመት አያበላሽም። የድጋፍ ደብዳቤ ከቅበላ በኋላ በምዝገባ ጊዜ እንዲቀርብ ቢፈቀድ፣ አመልካቹ ያለፈውን ፈተና ይዞ ወደ ወረዳው ሄዶ መከራከር ይችላል። ከየነጻ ትምህርት ዕድሉ ጋር የሥራ ልምድ መስፈርቱ፣ የዲግሪ ዕድሜ ገደቡና የመዝጊያ ሰዓቱ በኢትዮጵያ ሰዓት በአማርኛና በሲዳምኛ ቢጻፍ ወጪው የአንድ ጸሐፊ ግማሽ ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲው ለቴማቲክ (በተመረጡ ርዕሶች ላይ ለሚደረግ) ጥናት ከሚመድበው ገንዘብ ላይ የተወሰነው ከወረዳ ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ እንዲውል ቢደረግ ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወቂያው ከበንሳ ተነሥቶ ወደ ሀዋሳ ይመጣል፤ ወረዳው የሚያስፈልገውን ጥናት ጽፎ ይልካል፣ ተማሪዎቹም ይወዳደሩበታል።